ምላስ ሲወገድ ምን ይቀራል?
የአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊዚክስ ዓይን

በግእዝ «ልሳን» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፤ አንደኛው በአፋችን ውስጥ ያለው ሥጋ ሲሆን ሁለተኛው የምንናገረው ቋንቋ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምላሱን ያጣ ሰው ንግግሩንም ጭምር ያጣል ብሎ የማይገምት የለምና። ስለዚህ አንድ ሐኪም ታማሚውን «ሕይወትዎን ለማትረፍ ምላስዎን ማንሳት ይኖርብናል» ቢለው፣ ያ ሰው የሞት ፍርድ የተነበበበት ያህል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከዚህ ድንጋጤ የተነሳ ሕክምናውን እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ ዳግመኛ ወደ ሐኪም ዘንድ የሚመጣውም በሽታው ከአቅም በላይ ከሆነ በኋላ የሆነ ታማሚ ጥቂት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እንሞክራለን። ምላስ በቀዶ ሕክምና የሚወገደው ለምንድን ነው? በቦታው ምን ይተካል? ከዚያስ በኋላ ሰው እንዴት ይናገራል፣ እንዴትስ ይውጣል? ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ ምላስን በቅርብ ስንመረምረው የግፊት፣ የፍሰት፣ የድምፅ ሞገድና የጨረር ሕጎች በአንድነት የሚሠሩበት አካል ሆኖ እናገኘዋለን። ቀዶ ሐኪሙም በቢላዋው የሚነካው ሥጋን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ሕጎች ጭምር ነው።

አጥንት የሌለው መሣሪያ

ምላስ አጥንት የለውም የሚለው የአገራችን አባባል በሳይንስም ትክክል ነው። ክንዳችን የሚንቀሳቀሰው ጡንቻ አጥንትን እንደ ማንሻ ስለሚስበው ነው። ምላስ ግን የሚደገፍበት አጥንት በውስጡ ሳይኖረው ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይጠቀለላል፣ ይጠፈጠፋል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ምስጢሩ የይዘት አለመለወጥ ነው። ጡንቻ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነና ውሃም በቀላሉ ስለማይታመቅ፣ ምላስ በአንድ አቅጣጫ ሲጠብ በሌላው አቅጣጫ መርዘም ግድ ይሆንበታል። በመዳፋችን ሊጥ ስንጨብጥ በጣቶቻችን መካከል ሾልኮ እንደሚወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አካል ኪየርና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 «ጡንቻዊ ሃይድሮስታት» በሚል ስያሜ ገልጸውታል። የዝሆን ኩምቢና ባሕር ውስጥ የሚኖረው የኦክቶፐስ ክንድም በዚሁ መርሕ ይሠራሉ።

በእያንዳንዱ የምላስ ጎን አራት ጡንቻዎች ከመንጋጋ፣ ከላንቃ፣ ከራስ ቅልና ከጉሮሮ አጥንት ተነስተው ምላስን ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይስባሉ። ሌሎች አራት ደግሞ በምላስ ውስጥ ብቻ ተሰናስለው ቅርጹን ይለዋውጣሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚያዘው ዐሥራ ሁለተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሲሆን፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይገባሉ። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን። አንዱ ነርቭ ተርፎ ቢያንስ ግማሹ ምላስ መንቀሳቀስ መቻሉና ሁለቱም መጥፋታቸው በታማሚው ቀሪ ሕይወት ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

በሽታው

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ወደ 390,000 የሚጠጉ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ውስጥ ካንሰር ተይዘዋል፤ ወደ 188,000 የሚጠጉም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከአፍ ካንሰሮች ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚነሱት አፍን ከሚያለብሱት ስስና ጠፍጣፋ ህዋሳት ነው። በምላስ ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጎኑ ጠርዝ ነው።

ዋነኞቹ መንስኤዎች ትምባሆና አልኮል ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀም ሰው የሚገጥመው አደጋ የሁለቱ ድምር ሳይሆን ወደ ብዜታቸው የሚጠጋ ነው። በሕንድና በአጎራባች አገሮች ደግሞ የአሪካ ፍሬን ለብቻው ወይም ከትምባሆ ጋር ማኘክ በሽታውን እጅግ አስፋፍቶታል። በዚህም የተነሳ በሙምባይ የሚገኘው የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል በአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ ከፍተኛ ልምድ ካካበቱት ተቋማት አንዱ ለመሆን በቅቷል። ለተሻለ ሕክምና ወደ ሕንድ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች በመኖራቸውም እዚያ የሚሠራው ምርምር ለእኛ እንግዳ ጉዳይ አይደለም።

ምን ያህል ይቆረጥ?

ለአፍ ውስጥ ካንሰር የመጀመሪያው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ የሚያየውንና በእጁ የሚዳስሰውን እብጠት ብቻ ቆርጦ ቢያወጣ በቂ አይሆንም። ለዓይን የማይታዩ የካንሰር ህዋሳት ከእብጠቱ ዙሪያ እንደ ሥር ወደ ጤናማው ሥጋ ዘልቀው ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጤናማ ሥጋ ተጨምሮ ይቆረጣል። የተቆረጠው ሥጋ ስለሚኮማተር በማይክሮስኮፕ ሲለካ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ንጹሕ ጠርዝ ከተገኘ ውጤቱ መልካም ይባላል።

እዚህ ላይ ቀላል የጂኦሜትሪ ስሌት እናስገባ። እብጠቱን እንደ ድቡልቡል ኳስ እንውሰደው። ዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይዘቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ዲያሜትሩ 4 ይሆንና ይዘቱ ወደ 34 ከፍ ይላል፤ ማለትም ስምንት እጥፍ ያድጋል። እብጠቱ ሲጀመር 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ? ከነጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ይዘቱ 113 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህ የአንድን ጎልማሳ ሙሉ ምላስ የሚያህል ነው። እርግጥ ነው፣ እውነተኛ እብጠት ድቡልቡል አይደለም፤ በምላስ ጠርዝ ላይ ስለሚወጣም የስሌቱ ከፊል ከምላስ ውጭ ይውላል። ዳሩ ግን ዋናው ቁም ነገር አይለወጥም። ይዘት በርዝመት ኩብ ስለሚያድግ፣ የጥቂት ወራት መዘግየት ከምላስ ጥቂቱን በማጣትና ሁሉንም በማጣት መካከል ያለውን ልዩነት ይፈጥራል።

በዚሁ መሠረት ቀዶ ሕክምናው በደረጃ ይከፈላል፤ ከፊል ማውጣት፣ ግማሹን ማውጣት፣ አብዛኛውን ማውጣት፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ማውጣት። ከስፋቱ ሌላ የጥልቀቱም ነገር ወሳኝ ነው። እብጠቱ ከሦስት ወይም ከአራት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከዘለቀ የካንሰር ህዋሳት ወደ አንገት የሊምፍ ዕጢዎች የመሻገር ዕድላቸው ይጨምራል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ስምንተኛው የካንሰር ደረጃ አሰጣጥ ጥልቀትን ከመስፈርቶቹ አንዱ አድርጎታል።

አንገት ላይ የሚዳሰስ ንፍፊት ከሌለ ዕጢዎቹ ይውጡ ወይስ ይጠበቅ? ይህ ጥያቄ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ከላይ የጠቀስነው የታታ ሆስፒታል ተመራማሪዎች በሽታቸው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ የነበሩ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው መረመሩ። የአንደኛው ቡድን የአንገት ዕጢዎች ከአፉ እብጠት ጋር አብረው ወጡ፤ የሁለተኛው ግን በሽታው በአንገት ላይ ሲታይ ብቻ ነበር የሚወጡት። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያው ቡድን 80 በመቶ፣ ከሁለተኛው 67.5 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ሰዎች የዐሥራ ሁለቱ ሕይወት ሐኪሙ ቀድሞ በመቁረጡ ተረፈ ማለት ነው።

ከክንድና ከጭን የሚሠራ ምላስ

የተወሰደው ክፍል ከምላስ ሲሶ የማይበልጥ ከሆነ የቀረው ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋል። ቀሪው ጡንቻም ጥቂት ከለመደ በኋላ ሥራውን በአብዛኛው ይወጣዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ክፍተቱ በሌላ ሥጋ መሞላት ይኖርበታል። ለግማሽ ምላስ አመቺ ሆኖ የተገኘው ከክንድ የውስጥ ገጽ የሚወሰድ ስስ ቆዳ ሲሆን፣ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቁት የቻይና ሐኪሞች ናቸው። ምላስ በሙሉ ሲወገድ ደግሞ ወፍራም ሥጋ ስለሚያስፈልግ ብዙውን ጊዜ ከጭን ይወሰዳል።

ይህ ሥጋ በአዲሱ ቦታው በሕይወት እንዲኖር ደም ማግኘት አለበት። ስለዚህ ከነደም ቅዳውና ከነደም መልሱ ተቆርጦ ይመጣና በማይክሮስኮፕ እየታየ ከአንገት የደም ቧንቧዎች ጋር ይሰፋል። የቧንቧዎቹ ዲያሜትር ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩም ከጠጉር የቀጠነ ነው። ስፌቱ ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደሚጠይቅ የፈሳሽ ፊዚክስ ይነግረናል። በፖይሴይ ሕግ መሠረት በቀጭን ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከሬዲየሱ አራተኛ ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስፌቱ የቧንቧውን ሬዲየስ በዚያ ርዝመት በ20 በመቶ ቢያጠበው፣ በእኩል ግፊት የሚያልፈው ደም ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። በግማሽ ቢያጠበው ደግሞ ከዐሥራ ስድስት እጁ አንዱ ብቻ ይቀራል። የዘገየ ደም ይረጋል፤ የረጋ ደም ቧንቧውን ይዘጋል፤ የተተከለው ሥጋም ይሞታል። አደጋው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የከፋ ስለሆነ ነርሶች የደሙን ፍሰት በዶፕለር መሣሪያ በየሰዓቱ ያዳምጣሉ። በቂ ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከመቶ ንቅለ ተከላዎች ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ይሳካሉ።

ታዲያ ይህ አዲስ ሥጋ ምላስ ነውን? አይደለም። ቦታውን ይሞላል፣ ቁስሉን ይሸፍናል፣ የአፍን ወለል ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን እንደ ምላስ አይኮማተርም፣ ጣዕምም አይለይም። የሌላ ሰው ምላስ ቢተከልስ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2003 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞክሯል። ሆኖም የባዕድ አካል ተከላ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድን ስለሚጠይቅ፣ የተዳከመው መከላከያም ለካንሰር መመለስ በር ስለሚከፍት፣ ዘዴው መደበኛ ሕክምና ሊሆን አልቻለም።

ከቢላዋ በኋላ ጨረር

እብጠቱ ትልቅ ከነበረ ወይም የአንገት ዕጢዎች ከተነኩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጨረር ሕክምና ይከተላል። የተለመደው መጠን 60 ግሬይ ሲሆን፣ በቀን 2 ግሬይ እየሆነ በስድስት ሳምንት ይሰጣል። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም አካል ውስጥ የሚቀር አንድ ጁል ጉልበት ነው። 60 ጁል ምን ያህል ነው? ይህ ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የአንድ ኪሎ ግራም ውሃን ሙቀት የሚጨምረው በ0.015 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ አይሞላም። አንድ ጉንጭ ትኩስ ሻይ ከዚህ እጅግ የላቀ ሙቀት ወደ አፋችን ያስገባል። የጨረር ኃይል የሚመነጨው ከጉልበቱ ብዛት ሳይሆን ጉልበቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ተከማችቶ አተሞችን ከኤሌክትሮኖቻቸው በመለየቱና የህዋሳቱን ዲኤንኤ በመበጠሱ ነው። መጠኑ በየቀኑ ተከፋፍሎ መሰጠቱም ጤናማ ህዋሳት በመካከሉ ጉዳታቸውን እንዲጠግኑ ጊዜ ይሰጣቸዋል። የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ሳይሆን ሲቀር ወይም ካንሰሩ የሊምፍ ዕጢውን ሽፋን ሰብሮ ሲወጣ፣ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ከጨረሩ ጋር ሲጨመር ውጤቱ እንደሚሻሻል እ.ኤ.አ. በ2004 የታተሙ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች አሳይተዋል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረው በአዲስ አበባው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን፣ የጨረሩም ምንጭ ኮባልት-60 ነበር። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ምንጩ ካልተለወጠ በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ የአንድ ታማሚ የሕክምና ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ በቀን የሚታከሙት ሰዎች ቁጥር ይቀንሳል፤ ተራ ጠባቂዎችም ይበዛሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራና የማይደክም መሣሪያ መተከሉ ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ነው።

ያለ ምላስ መናገር

አሁን ብዙዎችን ወደሚያስጨንቀው ጥያቄ እንምጣ። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ምላስዎን ከታችኛው ጥርስ ኋላ አስተኝተው ሳያንቀሳቅሱ «እማማ» ይበሉ፤ ቀጥለውም «አበባ» ይበሉ። ሁለቱም ይወጣሉ። አሁን በዚያው ሁኔታ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ለማለት ይሞክሩ። አይሆንም። መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ እና ፈ የከንፈር፣ ሀ እና አ ደግሞ የማንቁርት ድምፆች ናቸው። ለ፣ ረ፣ ተ፣ ደ፣ ነ፣ ሰ፣ ሸ፣ ጀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ የምላስን ፊት፣ ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ የምላስን ኋላ ይፈልጋሉ። ምላሱ በሙሉ የወጣለት አማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያዎቹን እንደያዘ ሲቀር በሁለተኛዎቹ ይቸገራል።

አናባቢዎቹም አይተርፉም። ከድምፅ አውታሮች እስከ ከንፈር ያለው መንገድ በወንድ ጎልማሳ 17.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ወገኑ የተዘጋ ቱቦ አድርገን ብንወስደውና የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 350 ሜትር ብንል፣ ቱቦው ጎልተው እንዲሰሙ የሚያደርጋቸው ድግግሞሾች 500፣ 1,500 እና 2,500 ሄርትዝ ይሆናሉ። ምላስ የቱቦውን ቅርጽ በመለወጥ እነዚህን ቁጥሮች ያንቀሳቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካውያን ወንዶች ላይ በታተመ ልኬት፣ ሁለተኛው ድግግሞሽ ለ«ኢ» 2,290 ሲሆን ለ«ኡ» 870 ሄርትዝ ነበር። ጆሯችን «ኢ»ን ከ«ኡ» የሚለየው በዋናነት በዚህ ሰፊ ርቀት ነው። ምላስ ሲጠፋ ርቀቱ ይጠባል፤ ሁሉም አናባቢዎች ወደ መካከሉ ይሰበሰባሉ። «ኡ» እና «ኦ» በከንፈር ማሞጥሞጥ ሲታገዙ «ኢ» ግን ይበልጥ ትጎዳለች።

ይህም ሆኖ ንግግር ፈጽሞ አይጠፋም። ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ደ ዡሲዬ እ.ኤ.አ. በ1718 ያለ ምላስ ተወልዳ መናገር ስለቻለች ፖርቱጋላዊት ልጃገረድ ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ጽፏል። ዛሬም ምላሳቸው የወጣ ሰዎች በከንፈራቸው፣ በመንጋጋቸውና በጉሮሯቸው ግድግዳ ምትክ እንቅስቃሴ ይለማመዳሉ፤ ሰሚም ከዐውዱ እየተረዳ ያግዛቸዋል። የጥርስ ሐኪም የሚሠራው ላንቃን ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ሠራሽ ሽፋንም አለ። የተተከለው ሥጋ ወደ ላንቃ መነሳት ካልቻለ ላንቃው ወደ እሱ ይወርዳል ማለት ነው። ግማሽ ምላሱ የቀረለት ሰው ከተለማመደ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ የሚሰማ ንግግር ይኖረዋል። ምላሱ በሙሉ የወጣለት ሰው ንግግር ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቤተሰቡ የሚረዳውን እንግዳ ሰው ላይረዳው ይችላል።

መዋጥ

ከንግግር ይልቅ ለሕይወት የሚያሰጋው መዋጥ ነው። ጤናማ ምላስ ላንቃን በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ ወደ 60 ኪሎ ፓስካል የሚደርስ ግፊት ይፈጥራል። ምላስ በሌለበት ምግብን ወደ ታች የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው። የስምንት ሴንቲ ሜትር የፈሳሽ ዓምድ የሚሰጠው ግፊት ደግሞ አንድ ኪሎ ፓስካል እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ አስቸጋሪ ምርጫ ይመጣል። ውሃ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል፤ ግን ፍጥነቱ ማንቁርት ከመዘጋቱ ይቀድምና ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፤ ትንታውም ሳንባን ሊያቆስል ይችላል። ገንፎ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ከትንታ ይሻላል፤ ግን የሚገፋው ኃይል ስለሌለ በአፍ ውስጥ ይቀራል። ለአብዛኛው ሰው የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለ፣ እንደ አጥሚት ያለ ፈሳሽ ነው። ታማሚው ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ውጦ፣ ወዲያው መሳልን ይማራል። ጥቂቶች በሆድ በኩል በሚገባ ቱቦ ለመመገብ ይገደዳሉ። ትንታው ከቶ ሊቆም በማይችልበት ጊዜ ማንቁርትም አብሮ የሚወጣበት ሁኔታ አለ።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመራናል። ምላስን ማጣት ከባድ ነው፤ ሕይወትን ከማጣት ጋር ግን አይነጻጸርም። ታማሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን እንደሚያጣ፣ ምን እንደሚቀርለት፣ ምንስ መለማመድ እንዳለበት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በድንጋጤ የሚሰጥ መልስ የታሰበበት ምርጫ አይሆንምና።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከዚህ ምርጫ አስቀድሞ መድረስ ነው። በምላስ ወይም በአፍ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥጥር እብጠት፣ ወይም በአንገት ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ያየ ሰው፣ ሕመም ባይሰማውም እንኳ ለሐኪም ማሳየት ይገባዋል። በሽታው ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ቁስሉን በሹል ጥርስ የሚያመካኙም አሉ፤ ጥርሱ ተስተካክሎ ቁስሉ ካልዳነ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ከቁስሉ ትንሽ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የሁለት ሴንቲ ሜትሩንና የአራት ሴንቲ ሜትሩን ኳስ እናስታውስ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሰው ነገ ልጁን በስሟ መጥራት መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው።